የይሉኝታ ገባኝ

ታንጉት መላኩ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስትደርስ አንገቷ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥማ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሆኖም ከተሰለፉት ተዛዋሪ ተማሪዎች መካከል አንገቱን ያልሸፈነ አልነበረም። በሰልፉ ጎን ሴቶች በሰፌድ ዝንጅብል ይዘው ይመላለሳሉ።

"ለገባኝ የሚሆን ዝንጅብል! ዛሬ ጠዋት የተነቀለ! ድምፅ ያጠራል!"

"የእኔ ድምፅ ጠርቷል፣ እናቴ" አለ አንዱ ከኋላ። "የጠፋው ገባኙ ነው።"

ሰልፉ ሳቀ፤ ግን አፉን ዘግቶ። ከመመዘን በፊት ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ጉሮሮ ያሻክራል ይባላል።

ፈተና ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በወረቀት ላይ ያለን መልስ ማን እንደጻፈው ማወቅ የማይቻልበት ጊዜ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ጽሑፍን፣ ቀጥሎ ፈተናን ተዉ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው አንድ ነገር ሲገባው የሚያወጣው ድምፅ። መምህሩ አስተምሮ ሲጨርስ "ገባችሁ?" ይላል። ተማሪው ተራውን ጠብቆ ይነሳና "ገባኝ" ይላል። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ሚዛን ይሰማል። እውነተኛው ይመዘገባል፤ ሲጠራቀም ክሬዲት ይሆናል። ሐሰተኛው ይወድቃል። ሰዉ ቃሉን ለክፍል ብቻ ማስቀመጥ ከጀመረም ቆይቷል። በገበያና በታክሲ "ሰማሁ" ይባላል፤ "እሺ" ይባላል። ትንሽ ልጅ ተቆጥተውት "ገባኝ" ካለ፣ "ቃልህን አታባክን!" ተብሎ ሁለተኛ ይቆጡታል።

የዝውውር አማካሪዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ጋሻው ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። አንድ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ሲሰሙ ስለሚውሉ የተደፈነውን ለቤታቸው ማስቀመጣቸው እንደሆነ ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ታንጉት ስትገባ በእጃቸው ወንበሩን አሳዩዋት።

"ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ። ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከቆላ ማዶ ዩኒቨርሲቲ።"

"ከተዘጋው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ቆላ ማዶ በአንድ ወቅት የሐይቅ ዳር ከተማ ነበር። ሐይቁ ሸሸ፤ በሐይቁ ቦታ አቧራ መጣ፤ ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው በሩን ዘጋ። ተማሪዎቹ በየቦታው ተበተኑ። ለማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ የደረሱት ታንጉትና ዳምጠው የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ።

"የእናንተ ሚዛን አሮጌ ነበር" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። "የእኛው ሁሉንም እንደገና ይሰማል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሽውን ገባኝ ትናንት ሲሰማልሽ ዋለ። ሒሳብሽ አለፈ። የአፈር ሳይንስ አለፈ። ፊዚክስ ትንሽ ተንገዳግዶ አለፈ።" ፊታቸው ባለው መስተዋት ላይ የበራውን ዝርዝር በዓይናቸው ወደ ታች ተከተሉ። "መምህር ቀለመወርቅ አንለይ የሚባሉት ማን ናቸው?"

"የከርሰ ምድር ውሃ መምህራችን ናቸው።"

"እሳቸው ዘንድ ያልሽው ገባኝ ሁሉ ወድቋል።"

ታንጉት ሻርፗን ፈታች።

"ሁሉም?"

"አንድም አልተረፈ። የይሉኝታ ነው ይላል።"

ሴትዮዋ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። ክፍሉ ውስጥ የታንጉት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀዳ ድምፅ። "ገባኝ፣ መምህር" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። "ገባኝ፣ መምህር።"

"ሰማሽው?" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። "ጨዋ ልጅ ነች የምትናገረው። የገባው ሰው እንዲህ ጨዋ አይሆንም፤ የገባው ሰው ይቸኩላል።"

ታንጉት ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው። እነ ታንጉት ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳሉ መምህር ቀለመወርቅን ግማሽ ጎናቸውን ስትሮክ መታቸው። ሲድኑ እጃቸውና እግራቸው በከፊል ተመለሰ፤ ቃላቸው ግን ቦታውን ሳተ። ውሃ ማለት ሲፈልጉ "ጨው" ይላሉ። ጉድጓድን "ቤት" ይሉታል፤ ፓምፕን ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ "አማት"። ተማሪው አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ገባኝ ያላለው መምህር ደግሞ ስሙ ይሰረዛል። ስሙ የተሰረዘ መምህር መንግሥት ከሚያስተዳድረው የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን ይለቃል፤ ጠዋት የምታስነሳውና ማታ የምታስተኛው ነርስ ትቀርበታለች። መምህር ቀለመወርቅ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም።

"ስለዚህ ገባኝ አልናቸው" አለች። "በኋላ ግን ገብቶናል፣ እትዬ። ከክፍል ወጥተን ዶርም ደረጃ ላይ እንቀመጥና ያሉትን አንድ በአንድ እንፈታዋለን። ጨው ያሉትን ውሃ፣ ቤት ያሉትን ጉድጓድ እያልን። እውነቴን ነው። አሁን ቢጠይቁኝ—"

"ማን ሰማችሁ?"

"እርስ በርሳችን።"

"እናንተ ሚዛን አይደላችሁም፣ የኔ ልጅ።" ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። "ያለ እሳቸው ኮርሶች ከሦስተኛ ዓመት መስመር በታች ነሽ። ከመስመሩ በታች ያለ ተዛዋሪ አንቀበልም። የመጣሽበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የለም። እንግዲህ ፋይልሽ ወደ ተወለድሽበት ይመለሳል።"

የተወለደችበት ምን እንዳለ ታንጉት ታውቃለች። በደረቀው ሐይቅ አልጋ ላይ ሳር የሚተክለው የአቧራ ምድብ አለ። ታላቅ ወንድሟ እዚያ ነው። የገባ ሰው የሚወጣበትን መንገድ ማንም ሲናገር አልሰማችም። ወንድሟ ሲደውል ከሚያወራው የሚያስለው ይበዛል።

"ሌላ መንገድ የለም?"

"ሁለት አለ። አንደኛው ክስ ነው። 'መምህሩ ማስተማር እንደማይችሉ እያወቁ አስተማሩን' ብለሽ ቃል ትሰጫለሽ፤ ክሬዲቱ በካሳ መልክ ይሰጥሻል። ክስ ሁለት ድምፅ ይፈልጋል። ጓደኛሽ ዳምጠው ትናንት የራሱን ሰጥቷል፤ ሁለተኛ እየጠበቀ ነው። ለመምህሩም ተነግሯቸዋል።"

"ሁለተኛውስ?"

"ዳግም ገባኝ። ያው መምህር፣ ያው ትምህርት፣ አንድ ጊዜ፣ በጉባኤ ፊት። ሙሉ ከመጣልሽ የእሳቸው ኮርሶች በሙሉ ይመለሱልሻል።" ወይዘሮ እልፍነሽ ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ወተፉት። "ግን ልንገርሽ። አንቺ ትምህርቱን ታውቂዋለሽ። የሚያውቁትን ነገር 'ገባኝ' ሲሉት ባዶ ነው የሚመጣው። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስንት ጎበዞች በማወቃቸው ወድቀዋል መሰለሽ! ደግሞ በአንድ ጉባኤ ሁለት ቃል እንዳትሰጪ። የሚጸናው የኋለኛው ነው።"

"ሰማሁ" አለች ታንጉት።

ዳምጠው ውጭ ከዝግባው ሥር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ረጅም፣ ጉንጩ የገባ ልጅ ነው፤ ሻርፑን ሦስት ዙር ጠምጥሞታል።

"እህሳ፣ የጨዋ ልጅ? አስለቀሱሽ?"

"ከሰስካቸው።"

"ከሰስኩት። ምን ላድርግ? ምርጫ አጥቼ ነው።" ወደ እሷ ተጠጋ። "ስሚኝ፣ ታንጉት። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ማስተማር አይችልም ነው ያልኩት። ውሸት ነው? ሰው 'አማት' ሲል 'ፓምፕ' ብሎ የሚሰማ ማን አለ ከእኛ በቀር?"

"መጀመሪያ ተነስተህ ገባኝ ያልካቸው አንተ ነህ። እኛ ተከተልንህ።"

"አውቃለሁ።"

"ማንም አላስገደደህም።"

"አውቃለሁ አልኩሽ!" ጉሮሮው እንዳይሻክር ድምፁን መልሶ ዝቅ አደረገ። "ያን ቀን ሰውየው እንደዚያ ቆሞ ሲያየን፣ ምራቁ ሲንጠባጠብ... ዝም ማለት አቃተኝ። አሁን ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ዕድሜ ልኬን አቧራ ልቃም? አንድ ቃል ነው የሚቀረው። ያንቺ። ሁለታችንም እንገባለን።"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸውማ ሽማግሌ ናቸው።"

"ዳግም ገባኝ ልሞክር ነው።"

ዳምጠው ለአፍታ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ አፉን ሳይዘጋ።

"የምታውቂውን ነገር? ታንጉቴ፣ ያገባችን ሴት ሁለተኛ ድንግል ናት ብለሽ ልትድሪ ነው እንዴ?"

"ሂድ፣ ባለጌ!"

"እሺ፣ እሄዳለሁ። ወደ አቧራው ግን አብረን ነው የምንሄደው።"

ጉባኤው የተቀመጠው በሳምንቱ፣ ጠዋት ነው። አዳራሹ ሰፊና ባዶ ነበር። ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት ሰብሳቢው ዶክተር አጥናፉ ናቸው፤ መነጽራቸውን እያወለቁ የሚወለውሉ ቀጭን ሰው። በጠረጴዛው ጫፍ የሚዛን ተቆጣጣሪው ወጣት ሰው ተቀምጧል። ወይዘሮ እልፍነሽ ከግድግዳው ሥር ወንበር ስበዋል። ታንጉት መሐል ወለሉ ላይ፣ ከሚዛኑ በታች በተሰመረው ክብ ውስጥ እንድትቆም ተነገራት።

ግድግዳው በራ፤ መምህር ቀለመወርቅ ካሉበት የመምህራን ማረፊያ ታዩ። ትከሻቸው ላይ ጋቢ ደርበው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ታንጉት ለመጨረሻ ጊዜ ካየቻቸው ይልቅ ከስተዋል። የፊታቸው ቀኝ ጎን ወርዷል፤ የግራ ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ከኋላቸው ነጭ የለበሰች አጭር ሴት እጇን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ታ... ታንኳ" አሉ። ከታመሙ ጀምሮ የሚጠሯት እንደዚያ ነበር። "ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ፣ መምህር። እርስዎ እንዴት ነዎት?"

"ሰላምታው ይብቃ" አሉ ዶክተር አጥናፉ፤ ግን ረጋ ብለው። "ትምህርቱ?"

"ተጎራባች ጉድጓዶች" አለ ተቆጣጣሪው።

"መምህር፣ መጀመር ይችላሉ።"

መምህር ቀለመወርቅ ደህናውን እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። በጣታቸው አየር ላይ ሁለት ክብ ሣሉ።

"ሁለት... ቤት" አሉ። "ጎን ለጎን። ሁለት ቤት። አንዱ... አማት አለው። አማት ይስባል። ሲስብ፣ ሲስብ... የጎረቤት ጨው... ይወርዳል።"

ከጉባኤው አባላት አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ተቆጣጣሪው ፊቱ ያለውን ሰሌዳ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው መሣሪያ አንድም ቃል አልጻፈም ነበር።

ለታንጉት ሁሉም ግልጽ ነው። ሁለት ጉድጓዶች ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ ሲጠጡ፣ አንዱ በፓምፕ ሲስብ የሌላው ውሃ ይወርዳል። ይህን ዶርም ደረጃ ላይ አምስት ሆነው በጠመኔ ሥለውታል። ወይዘሮ እልፍነሽ በሩ ላይ በጆሮዋ "እንደማታውቂ ሆነሽ ስሚ" ብለዋት ነበር። ሞከረች። ጨው ጨው ብቻ እንዲሆን፣ ቤትም ቤት ብቻ እንዲሆን ሞከረች። አልሆነም፤ ቃሎቹ ገና ከአፋቸው ሳይወጡ እሷ ዘንድ ተተርጉመው ይደርሳሉ። ትምህርቱ እያለቀ ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቆላ ማዶ የተማረ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። "ተራ ግቡ" ነው የሚሉት። አንዱ ጠዋት ይሳብ፣ ሌላው ከሰዓት፤ ውሃው ለሁለቱም ይበቃል። ለሻወር ሲሰለፉ ሳይቀር "ጨው በተራ!" እየተባባሉ ይሳሳቁበት ነበር።

መምህር ቀለመወርቅ እዚያ ደረሱና ቆሙ።

"አሮጌ ቤት... ይዘጋ" አሉ።

ታንጉት ቃሉ ያመለጣቸው መሰላት። እሳቸው ግን ጣታቸውን አነሱ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲሳሳት እንደሚያደርጉት።

"ተራ አይደለም። ተራ... አይሆንም። ጨው ትንሽ ነው። አሮጌ ቤት ይዘጋ። ይደፈን። ጨው... ወደ ልጅ ቤት... ይመለስ።"

"አሮጌ" ሲሉ እጃቸው ደረታቸው ላይ አርፎ ነበር።

ይህን አስተምረው አያውቁም። በሦስት ኮርስ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ጉድጓድ ይደፈን ብለው አያውቁም። ታንጉት እጃቸውን አየች፤ ቀጥላ ዓይናቸውን።

"ገባኝ!" አለች።

ሳታስበው ነው የወጣው። "መምህር" የሚለው እንኳ አልተከተለውም።

ተቆጣጣሪው ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ።

"ሙሉ" አለ።

"ሙሉ?" አሉ ዶክተር አጥናፉ።

"ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ዶክተር። እንዲህ ያለ ዘንድሮ አልሰማሁም።"

ከግድግዳው ሥር ወይዘሮ እልፍነሽ በእጃቸው ጭናቸውን መታ አደረጉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ታንጉት ከክቡ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሳች፤ ማንም አላስቆማትም፤ ግን አልወጣችም። ምን እንደገባት የጠየቃት አልነበረም። ሚዛኑ መግባቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

"እኔ" አሉ መምህር ቀለመወርቅ ከግድግዳው ላይ።

ሁሉም ቀና አሉ።

"እኔ... ቤት። እኔ። ዝጉ።" ጣታቸውን በደረታቸው ላይ ተከሉት። "ሁለት... ሁለተኛ። ልጁ አንድ። እኔ ሁለተኛ።"

"ምን እያሉ ነው?" አሉ ዶክተር አጥናፉ።

"መሣሪያው አይጽፈውም" አለ ተቆጣጣሪው። "ነገር ግን ተከፍቶ የሚጠብቅ ክስ አለባቸው። አንድ ድምፅ ተሰጥቷል። ምናልባት ሁለተኛውን እሳቸው ራሳቸው እየሰጡ ይሆናል።"

ከኋላቸው የቆመችው ነርስ ወደ መምህሩ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለቻቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጓት።

"ራሳቸውን ለመክሰስ ይችላሉ?" አለች አፏን ሸፍና የነበረችው የጉባኤ አባል።

"ይችላሉ" አሉ ዶክተር አጥናፉ። "ንግግሩ የተበላሸ መምህር ቃሉ የሚመዘገበው ግን በጉባኤው ያለ ሰሚ 'ገባኝ' ሲል ነው።" መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ታንጉት ዞሩ። "ተማሪ ታንጉት። አስቀድሞ ያልሽው ሙሉ ነው፤ ይህን ይዘን ነው የምንጠይቅሽ። መምህሩ አሁን የተናገሩት ገብቶሻል? ገባኝ ካልሽ ቃላቸው ይጸናል፤ ስማቸው ይሰረዛል፤ የጓደኛሽም ክስ በሁለተኛ ድምፅ ይሞላለታል። አንቺም ክሬዲትሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። አልገባኝም ካልሽ ደግሞ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ለጉባኤው የሚጸናው የኋለኛው ቃልሽ ነው፤ ሙሉው ይወድቃል።"

"ዶክተር፣ መልስ ባልሰጥስ?"

"ክቡ ውስጥ ነሽ። መልስ ሳይሰጥ ከዚያ አይወጣም።"

በግድግዳው ላይ ሽማግሌው በአንድ ዓይናቸው ይጠብቋታል። ከንፈራቸው "በይ" የሚል ቅርጽ ይዟል። የነርሷ እጅ ከመደገፊያው ወርዶ ትከሻቸው ላይ አርፏል፤ ጋቢው እንዳይንሸራተት ይዛዋለች። ታንጉት ያችን እጅ አየች። ወንድሟ ሲያስል በሐሳቧ ሰማችው። ዳምጠው ውጭ፣ ዝግባው ሥር፣ ሻርፑን ጠምጥሞ ቆሞ ታያት።

አባት የመሰለ ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ ትንፋሿን አጭር አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች። ድምፅ አልነበረውም፤ አዎ ማለት ብቻ ነበር።

መምህር ቀለመወርቅ አዩ። እጃቸው ከደረታቸው ላይ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ።

"መልስ አልተሰማም" አለ ተቆጣጣሪው።

"ድምፅሽን አሰሚ" አሉ ዶክተር አጥናፉ።

"አልገባኝም" አለች ታንጉት።

ተቆጣጣሪው ሰሌዳውን ነካካ። "ሚዛኑ ይህን ቃል አይመዝንም፣ ዶክተር" አለ ግራ እንደተጋባ ሰው። "የሚያስገባበት ቦታ የለውም። እንዲሁ ይቀበለዋል።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ ሰብሳቢው። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። "የኔ ልጅ፣ አስቢበት።"

"አልገባኝም፣ ዶክተር።"

ከግድግዳው ላይ መምህር ቀለመወርቅ ፊታቸው ቀላ፤ ከወንበሩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ነርሷ ያዘቻቸው።

"ሞኝ!" አሉ። ቃሉ ቦታውን ሳይስት፣ ጥርት ብሎ ወጣ። "ሞኝ ልጅ!"

ግድግዳው ጠፋ። በተቆጣጣሪው ሰሌዳ ላይ መሣሪያው ከመምህሩ ንግግር ሁሉ ለይቶ የጻፈው እነዚህን ቃላት ብቻ ነበር።

ወይዘሮ እልፍነሽ ኮሪደሩ ድረስ ሸኟት። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"እኔም እናቴ ዘንድ ስቀመጥ በትንፋሽ ነው አዎ የምለው" አሉ። "ሰምቼሻለሁ።"

ታንጉት ቀና ብላ አየቻቸው።

"አትፍሪ፤ እኔም ሚዛን አይደለሁም።" ሻርፗን አስተካከሉላት። "ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ነው። መታወቂያሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል። ካፌ ግቢና ምሳሽን ብዪ፤ መንገዱ ረጅም ነው።"

ዳምጠው ካፌ ውስጥ በመስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዞላት ነበር። ሁለት ሳህን ምስር ወጥና ዳቦ አምጥቷል። ስትቀመጥ ፊቷን አየና ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ባዶ መጣ?"

"ሙሉ ነበር።"

"ነበር?"

ሁሉንም ነገረችው። ስለ አሮጌው ቤት፣ ደረታቸው ላይ ስላረፈው እጅ፣ ሁለተኛ ድምፅ ለመሆን ስለ ጠየቁት፣ አልገባኝም ስላለችው። ስትጨርስ ዳምጠው ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ፤ በአጠገባቸው ያሉ ተማሪዎች ዞር ብለው አዩ።

"ራሱ ዝጉኝ እያለ! አንቺ ማን ነሽ? ራሱ በቃኝ እያለ፣ አንቺ ማን ነሽ የምታስቀሪው?"

"ነርሷ ከኋላቸው ቆማ ነበር፣ ዳምጠው። ጋቢያቸውን ይዛላቸው ነበር።"

"እኔንስ? እኔን ማን ይይዘኛል?"

"አንተንም አይቼሃለሁ" አለች። "አይቼህ ነው ያደረግሁት። ብትጠላኝ አልፈርድብህም።"

ዳምጠው ተቀመጠ። ከመስኮቱ ውጭ ለከሰዓቱ ጉባኤ የተጠሩ ተዛዋሪዎች ተሰልፈዋል፤ ጉሮሯቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ አይነጋገሩም።

"በመጨረሻ ምን አሉሽ?" አለ።

"ሞኝ አሉኝ።"

"ቃሏን ደህና አድርገው አወጧት?"

"ጥርት አድርገው።"

ሳይፈልግ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከአንገቱ ላይ ሻርፑን ዙሩን አንድ በአንድ ፈታ፤ አጣጥፎ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ዳቦውን ለሁለት ገመሰና ግማሹን ወደ እሷ ገፋው።

"ገባኝ" አለ።

ካፌው ውስጥ ቃሉን የሰሙ ሁለት ተማሪዎች ደነገጡ፤ አንዷ "ምነው ቃሉን ያባክናል?" ብላ ስታንሾካሽክ ተሰማ። ታንጉት ፊቱን አየች። እውነቱን ይሁን ወይም ለእሷ አዝኖ መለየት አልቻለችም። ዳምጠው ዳቦውን አጠቀሰና ትንሽ ጮክ ብሎ ደገመው፤ ከእንግዲህ ቃሉን የሚያስቀምጥለት ክፍል አልነበረውም።